የአገር ቤት ጭቃና የመሐንዲስ ሲሚንቶ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አገር በቀል የግንባታ ዕቃዎች አንድ ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጉዳዩን ከመጽሐፍ ጀምሬ ብተነትነው ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን በዚህ ረገድ ያለኝ ዕውቀት በአብዛኛው ካበላሸሁት ሥራ የተገኘ ስለሆነ፣ ከዚያው ብጀምር የሚሻል መሰለኝ።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ መንደር የገበሬዎችን የእህል መጋዘን ሥራ እንድቆጣጠር ተላክሁ። ግድግዳው የባሕር ዛፍ እንጨት ተተክሎ፣ ማገር ተማግሮ፣ በጭቃ የተመረገ ነበር። ሠሪዎቹ የመንደሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ሥራውን የሚመሩት ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ ቤት ሠሪ ነበሩ። ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ ጥቂት ገንዘብ ተርፎ ስለ ነበር፣ ግድግዳው በውጭ በኩል በሲሚንቶ እንዲለሰን አዘዝሁ። ሽማግሌው ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ጭቃው ዝናም ሲነካው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰበሰባል፤ ይኸ የምታለብሰው ነገር ግን ንቅንቅ አይልም። ታዲያ ምን ያስማማቸዋል?» አሉኝ። እኔም «አባቴ፣ አይስጉ፤ ሲሚንቶ እኮ ነው» ብዬ መለስሁ። ይህን መልሴን ባስታወስሁት ቍጥር አፍራለሁ።

ልስኑ አንዱን ክረምት ቻለ። በሁለተኛው ክረምት ግን ነፋስ በሚመታው በኩል እንደ ዛፍ ቅርፊት እየተነሣ ወደቀ። ከበስተኋላው የነበረው ጭቃ ርሶ፣ እንጨቱም ከመሬት ጋር በሚገናኝበት በኩል መበስበስ ጀምሮ ነበር። ምክንያቱ ለዚህ ጉባኤ እንግዳ አይደለም። ጠንካራውና ግትሩ ልስን ከተለዋዋጩ ጭቃ ጋር አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ በሲሚንቶው ተከልክሎ ተመልሶ መውጣት አይችልም። ዕርቃኑን የቀረ የጭቃ ግድግዳ ረጥቦ ይደርቃል፤ እኔ ያለበስሁት ግን ረጥቦ ቀረ። በግድግዳው ጥግ የተደረደረው ገብስም እርጥበት ገብቶበት ሻገተ። ገበሬዎቹ ስለ ገብሱ አንዲት ቃል እንኳ አልተናገሩኝም፤ ይበልጥ የከበደኝም ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሥራም ሆነ በዕረፍት ጊዜ በዚያ አገር በተገኘሁ ቍጥር፣ ቤቶቹን እንደ ተማሪ ሆኜ መመልከት ያዝሁ። አካባቢውን ለማታውቁት፦ ከጎንደር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ዳባት በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ላይ ይገኛሉ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት፣ ማታ ማታ ውርጭ የሚጥልባት ደጋ ናት። ከእርሷ ወደ ምሥራቅ የስሜን ተራሮች ይነሣሉ፤ ወደ ሰሜን ደግሞ መንገዱ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በተቀደደው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቆላው ይወርዳል።

በዚህ አገር የገበሬ ቤት ብዙውን ጊዜ ክብ ነው። «ለምን ክብ ሆነ?» ብለን ስንጠይቅ ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ይቀናናል። ሒሳቡ ግን የሚለው ሌላ ነው። የውስጡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 6 ሜትር የሆነ ክብ ቤት 28 ካሬ ሜትር ያህል ወለል ሲኖረው፣ የግድግዳው ዙሪያ 19 ሜትር አይሞላም። ይህንኑ ወለል በአራት ማዕዘን ልሥራ ያለ ሰው ከ21 ሜትር በላይ ግድግዳ ማቆም አለበት። በእንጨት ቆረጣ፣ በጭቃ ረገጣና ሙቀት በመጠበቅ በኩል የሚገኘው ቍጠባ ቀላል አይደለም። ነፋሱም ክቡን ቤት የሚመታበት ሰፊ ፊት አያገኝም። ሆኖም ክብ ቤት የቆርቆሮ ክዳን አይመቸውም። ቆርቆሮ በመጣ ጊዜ ቤቱ ማዕዘን ያወጣው፣ ብዙዎች እንደሚሉት በሥልጣኔ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን፣ አራት ማዕዘን የሆነውን ቆርቆሮ ሳያባክኑ ለመምታት ሲባል ጭምር ነው።

አሁን ስለ ጭቃው ልናገር፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ ይቅርታ አድርጉልኝ። ማንኛውም አፈር ጭቃ አይሆንም። ጥቁሩ ዋልካ ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ ስለሚፈነዳ ይተዋል፤ የሚመረጠው ቀይ አፈር ነው። ሽማግሌው ቤት ሠሪ አፈሩን በጣታቸው አሽተው፣ በውሃ አላቍጠው፣ እንደ ኳስ አድቦልቡለው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል። ደርቆ ከተሰነጠቀ ሌላ አፈር ይቀላቅሉበታል፤ ከተፈረፈረም እንደዚሁ። ከቤተ ሙከራ ይልቅ ቀርፋፋ አይደለም፤ ወጪውም ባዶ ነው።

ከዚያ አፈሩ ከጭድ ጋር ተደባልቆ፣ በውሃ ርሶ፣ በየጊዜው በእግር እየተረገጠ ለብዙ ቀናት ይሰነብታል። መሽተት ሲጀምር «ደረሰ» ይባላል። ጭዱ በከፊል ሲበሰብስ የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገር የአፈሩን ቅንጣት ያያይዛል፤ ያልበሰበሰው ደግሞ እኛ በኮንክሪት ውስጥ ከብረት የምንጠብቀውን ሥራ በትንሹም ቢሆን ይሠራል፤ ጭቃው ሲደርቅ የሚያመጣውን ስንጥቅ አንድ ላይ ሰፍቶ ይይዛል። ለዚህ ከሁሉ የሚመረጠው ቀጭኑና ለስላሳው የጤፍ ጭድ ነው። የደባርቅ ደጋ ግን የገብስና የስንዴ አገር ስለሆነ፣ የጤፍ ጭድ የፈለገ ሰው ዝቅ ካለው አገር ማስመጣት ግድ ይለዋል። ስለዚህ የደጋው ገበሬ ራሱን ቻለ ስንል፣ ብቻውን ቻለ ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ጎረቤቱ በወንፈልና በደቦ ጉልበቱን ያበድረዋል፤ ቆለኛው በገበያ ጭዱን ያመጣለታል።

የምርጊቱን ማለስለሻ፣ የወለሉን በእበት መለቅለቅ፣ የመደቡንና የምድጃውን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ጎታው ነው። ጎታ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ቀለበት በቀለበት እየተደራረበ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተቀጠለበት የሚሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው። ግድግዳው ጥቂት ጣት ብቻ የሚወፍር ሲሆን፣ በውስጡ የሚሞላው እህል ወደ ውጭ የሚገፋውን ኀይል ዙሪያውን ተሸክሞ ይቆማል። እኛ ክብ የውሃ ጋን ስናሰላ የምንጽፈው ቀመር ይኸው ነው። ቀመሩን ያልጻፈችው ባለቤት ደግሞ ከታች በኩል ወፈር፣ ከላይ ሳሳ አድርጋ ትሠራዋለች። እኔ ለመጋዘኑ ገብስ ካዘዝሁት ግድግዳ ይልቅ፣ የጎረቤቷ ጎታ ገብሱን በደረቅ ጠብቆት ነበር።

ስለ ጣሪያው ብዙ አልልም። የሣር ክዳን ውሃው ሳይሰርግ እንዲወርድ ቁልቁል መሆን ይገባዋል። ከምድጃው የሚነሣው ጭስ ሣሩንና እንጨቱን እያጠነ ከነቀዝ ይጠብቃቸዋል፤ እሳት የማይነድበት የሣር ቤት ቶሎ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው። ነገር ግን ክዳኑን የሚያቆየው ይኸው ጭስ የእናቶችን ዐይንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። ይህን ሳይናገር የአገር ቤትን የሚያሞግስ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ሌሊት ያደረ አይመስለኝም። ከብቱ አብሮ ሲያድር ሙቀት መስጠቱ እውነት ነው፤ ቍንጫ መስጠቱም እንዲሁ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ዕቃው ከወዴት እንደሚመጣ ነው። በቀድሞው ዘመን ለምሰሶ ጥድና ወይራ፣ ወደ ከፍታው ሲወጣ አስታ፣ ለክዳን ጓሳ ይታጨድ ነበር። ጥዱና ወይራው ተመናመኑ። አስታውና ጓሳው ደግሞ ዋልያ የሚኖርበት ሀብት ናቸው። የስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆነው ታወጁ፤ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ተመዘገቡና በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጡ። ለመውጣታቸው ከረዱት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ መዛወር ነው። ዝውውሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲፈጸም ከ400 በላይ ቤተሰብ ነበር። ስለ ፓርኩ ጥቅም አልከራከርም። በሙያችን ዐይን ሲታይ ግን፣ ድንጋዩን፣ ሣሩንና እንጨቱን ከደጁ ያገኝ የነበረ ገበሬ በአንድ ጊዜ ሚስማርና ቆርቆሮ ገዥ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ሰው ምን ዓይነት ቤት ይሻለዋል የሚለው ጥያቄ በቀጥታ የሚመለከተው እኛን ነበር።

ደግነቱ ባሕር ዛፍ አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ብዙ ቢወቀስም፣ ዛሬ በዳባትና በደባርቅ ቤት የሚሠራ ሰው ያለ እርሱ የትም አይደርስም። ተቈርጦ ያቈጠቍጣል፤ በጥቂት ዓመታት ለግድግዳ ይደርሳል። ድክመቱ በእግሩ በኩል ነው፤ አፈር ውስጥ የተቀበረው ጫፍ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ሲሚንቶው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ደባርቅ ከአዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከደባርቅ ወዲያ ደግሞ መኪና በማይደርስበት መንደር ከረጢቱ በበቅሎ ጀርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 በአገሪቱ ሲሚንቶ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ በነካ ጊዜ፣ እዚህ አዳራሽ ካለነው ውስጥ ሥራው ያልቆመበት ጥቂት ነው። በጭቃ የሚሠራው ገበሬ ግን ምርጊቱን አላቋረጠም።

ግብፃዊው ሐሰን ፋቲ ከእኛ በፊት ይህን ነገር አስቦበታል። በ1940ዎቹ በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርናን በጭቃ ጡብ ሲሠራ፣ ጣሪያውን ሳይቀር ያለ እንጨት በኑብያ ግንበኞች ጥበብ አቁሟል። ቤቶቹ ያማሩ ነበሩ፤ የታሰቡላቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ሊገቡባቸው አልፈለጉም። በእኛም አገር የጭቃ ቤት የድኅነት ምልክት ሆኖ ይታያል። በሊማሊሞ አፋፍ ላይ ግድግዳው ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ የእንግዶች ማረፊያ አለ። ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ በአፈር ግድግዳ ውስጥ ለማደር ይከፍላል፤ ከማረፊያው አጠገብ የሚኖረው ገበሬ ደግሞ ከአፈር ግድግዳ ለመውጣት ገንዘብ ያጠራቅማል። ሁለቱንም አልነቅፍም።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአገራችን የሕንፃ ኮድ ለኮንክሪት፣ ለብረት፣ ለእንጨት፣ ለግንብ የየራሳቸው ቅጽ ሲሰጣቸው፣ አብዛኛው ሕዝብ ለሚኖርበት የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ራሱን የቻለ ቅጽ አልተሰጠውም። በመሆኑም ወጣቱ መሐንዲስ ጭቃ ሲያጋጥመው፣ እንደ እኔ የሚያውቀውን ሲሚንቶ ይለብጥበታል። እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ግድግዳው ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል በድንጋይ መሠረት ከፍ ቢል፣ የእንጨቱ እግር አፈር ውስጥ ከመቀበር ይልቅ በድንጋዩ ላይ ቢያርፍና በማዕዘኑ በአግዳሚ ቢታሰር፣ የጣሪያው ከንፈር ዝናሙን ከግድግዳው ቢያርቅ፣ ልስኑም ያው ጭቃና እበት ሆኖ በላዩ ኖራ ቢቀባ፣ የቤቱ ዕድሜ ይረዝማል። ከነዚህ ውስጥ ከሩቅ የሚጫን ነገር ቢኖር ኖራው ብቻ ነው። ማኅበራችን የወገራንና የስሜንን አፈር በቤተ ሙከራ የሚፈትሽ አንድ ትንሽ ኮሚቴ ቢያቋቁም፣ በበኩሌ ናሙናውን በራሴ ወጪ ለማምጣት ዝግጁ ነኝ።

መጋዘኑን ባለፈው የበጋ ወራት ሄጄ አይቼዋለሁ። ሽማግሌው ዐርፈዋል። የሦስቱ ግድግዳዎች ሲሚንቶ ተፍቆ፣ የልጃቸው ሚስትና ጎረቤቶቿ በጭቃና በእበት መርገውታል። አራተኛው፣ ነፋስ የማይመታው፣ አሁንም የእኔን ልስን እንደ ለበሰ ነው፤ መፋቂያው ጉልበት ሳይገኝ መኸር ደረሰ። በጣቴ ባንኳኳው አንዳንድ ቦታ ላይ ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። የሚመጣው ክረምት ሲወጣ ሁለቱን ዓይነት ግድግዳ ጎን ለጎን ለክቼ፣ ውጤቱን ለማኅበሩ በጽሑፍ አቀርባለሁ።