አንድ ለጋሽ፣ አንድ መዝገብ

(ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮችና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የገቢ ማሰባሰብንና የለጋሾችን ግንኙነት ስናስተባብር የቆየን ሰዎች ልምዳችንን በዚህ ጉባኤ ፊት እንድናካፍል ስለ ተጋበዝን ከልብ እናመሰግናለን። ዩኒቨርሲቲና ደብር በሥራቸው የተለያዩ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሰው በፈቃዱ በሚሰጠው ገንዘብ የሚያከናውኑት ሥራ አላቸው፤ ሁለቱም በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ ክፍሎች አሏቸው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ነገራችንን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በንግድ ሥራ የተሠማሩ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ሦስት ደብዳቤዎች ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። ሦስቱም የደረሷቸው በአንድ ወር ውስጥ ነው። የምሕንድስና ኮሌጁ ለቤተ ሙከራ ዕቃ፣ የጤና ኮሌጁ ለሕክምና መሣሪያ፣ የተማሪዎች አገልግሎት ክፍሉ ደግሞ ለችግረኛ ተማሪዎች መርጃ ይጠይቋቸዋል። አንዱ ክፍል ሌላው መጻፉን አያውቅም። እርሳቸውም ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ «ለመሆኑ እናንተ አንድ ቤት ናችሁ ወይስ ሦስት?» ሲሉ ጠየቁን። ቀጥለውም፣ «ባለፈው ዓመት በእናቴ መታሰቢያ የሰጠሁትስ ከምን ደረሰ?» አሉ።

መልስ አልነበረንም። ገንዘቡን የሰጡት ከገጠር ለሚመጡ ችግረኛ ሴት ተማሪዎች ነበር። መዝገብ ስናገላብጥ ገንዘቡ በደረሰኝ ገቢ መሆኑን አገኘን፤ የተሰጠበት ዓላማ ግን በደረሰኙ ላይ አልሰፈረም። በዚህም ምክንያት ከጠቅላላው ሒሳብ ጋር ተቀላቅሎ ለሌላ ሥራ ወጥቷል። ለግሉ ያዋለው ማንም የለም። ሆኖም ርዳታውን ይጠብቁ ከነበሩት ተማሪዎች ሁለቱ ወጪያቸውን መሸፈን አቅቷቸው፣ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየመጡበት ተመልሰው ነበር። ገንዘቡን ተክተን ለታለመለት ዓላማ አዋልነው፤ ከሁለቱ አንዷ ተመለሰች፤ ሁለተኛዋን ግን ማግኘት አልቻልንም። ለጋሹን ይቅርታ ስንጠይቅ ከሁሉ የከበደን ይህን መናገር ነበር።

የማስተባበር ሥራ የመጀመሪያ ግዴታው የተሰጠን ገንዘብ ከተሰጠበት ዓላማ ሳይለዩ መጠበቅ እንደ ሆነ የተረዳነው በዚያ ቀን ነው።

ይህ ፈተና የገንዘብም ሆነ የሠራተኛ እጥረት የሌለባቸውንም ተቋማት ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ቻርልስና ማሪ ሮበርትሰን የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ 35 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሰጡ። ዓላማው ተማሪዎችን በድኅረ ምረቃ ደረጃ ለመንግሥት አገልግሎት፣ በተለይም ለውጭ ግንኙነት ሥራ ማዘጋጀት ነበር። በ2002 ቤተሰባቸው ገንዘቡ ለታሰበለት ዓላማ አልዋለም በማለት ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ፤ ዩኒቨርሲቲውም ክሱን አልተቀበለም። ክርክሩ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ2008 መጨረሻ በስምምነት ተዘጋ። የሀብቱ አስተዳደር በዩኒቨርሲቲው እጅ ጸና፤ ለቤተሰቡ የክርክር ወጪ 40 ሚሊዮን፣ ለተመሳሳይ ዓላማ ለሚቋቋም አዲስ ድርጅት ደግሞ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ተስማሙ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ አንፈርድም። ሰጪና ተቀባይ አንዱን ዓላማ በየፊናቸው ሲተረጉሙ መኖራቸው ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ግን ያስተምረናል።

ከዚያ በኋላ በቤታችን አራት ነገሮችን ሥርዓት አድርገን ያዝን።

አንደኛው የጋራ መዝገብ ነው። የለጋሹ ስም በትክክል፣ የሰጠው መጠን፣ የሰጠበት ዓላማና ቀን፣ ከማን ጋር እንደ ተነጋገረ በአንድ ስፍራ ይጻፋል። ለጋሹ የነገረን የግል ጉዳይ ግን ለሥራው ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች እጅ እንዳይወጣ ይጠበቃል።

ሁለተኛው ከመጠየቅ በፊት መጠያየቅ ነው። ማንኛውም ኮሌጅ ወደ አንድ ለጋሽ ከመሄዱ በፊት መዝገቡን ለያዘው ክፍል ያሳውቃል። ሌላው ክፍል ቀድሞ ንግግር ጀምሮ ከሆነ ተራ ይጠብቃል፤ ወይም ሁለቱ በአንድ ሐሳብ አብረው ይቀርባሉ።

ሦስተኛው ዓላማውን በጽሑፍ ማስፈር ነው። ሰጪውና ተቀባዩ የሚፈርሙት አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃል። በዚህም ገጽ «የታሰበው ሥራ ሳይፈጸም ቢቀር ወይም ገንዘብ ቢተርፍ ምን ይደረግ?» የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ያገኛል። ብዙ ጠብ የሚነሣው ይህ ሳይጠየቅ በመቅረቱ ነው።

አራተኛው ምስጋናና ሪፖርት ነው። በአሜሪካ የገቢ አሰባሳቢዎች ማኅበራት በጋራ ያወጡት የለጋሾች መብት ሰነድ 10 መብቶችን ይዘረዝራል። ስጦታው ለተሰጠበት ዓላማ መዋሉን ማረጋገጥ፣ ተገቢ ምስጋና ማግኘትና የድርጅቱን የቅርብ ጊዜ የሒሳብ መግለጫ መመልከት ከእነዚህ መካከል ናቸው። እኛም የምስጋናው ደብዳቤ ሌላ ልመና እንዳይጨመርበት ወስነናል። ምስጋና ከልመና ጋር ሲደባለቅ ምስጋናነቱን ያጣል።

ይህን ስንጀምር ኮሌጆቹ ደስ አላላቸውም። «ወዳጆቻችንን ልትወስዱብን ነው» አሉን። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ሰው የሚሰጠው ለሚያውቀው መምህርና ለተማረበት ክፍል ነው፤ ማስተባበሪያው በመካከል ገብቶ ይህን ፍቅር ካቀዘቀዘው ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ስለዚህ ግንኙነቱ በኮሌጁ እጅ እንዲቆይ፣ የእኛ ድርሻም መዝገቡን መጠበቅና ተራውን ማስከበር እንዲሆን ተስማማን። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በራሱ ገቢ ራሱን የማስተዳደር የቆየ ልማድ አለው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 በይፋ የጀመሩትን የገቢ ማሰባሰብ ዘመቻ ሁሉም ትምህርት ቤቶች በአንድ ጥላ ሥር አካሄዱት፤ በ2018 ሲጠናቀቅም ከታቀደው 6.5 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ወደ 9.6 ቢሊዮን ደረሰ። የየክፍሉ ነጻነትና የጋራ ሥርዓት አብረው መኖር ይችላሉ።

በአገራችንም መልካም አብነት አለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት እ.ኤ.አ. በዚያው በ1961 ነበር። በዚያ ሕንፃ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለመርዳት በ1968 የተመሠረተው የወዳጆች ማኅበር ገንዘብ እያሰባሰበ ለተቋሙ ሥዕሎች፣ የብራና መጻሕፍትና ልዩ ልዩ ቅርሶች እንዲገዙ ሲረዳ ኖሯል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ የሰጠ ሰው ያስገኘውን ፍሬ ሄዶ በዓይኑ ሊያይ ይችላል። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ከወጣና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የገቢ ምንጫቸውን ማስፋት ይጠበቅባቸዋል። የጠያቂው ቁጥር ሲበዛ ሥርዓት ማበጀቱም የዚያኑ ያህል ይጠብቃል።

ወደ እናንተ ቤት ስንመለስ ነገሩ ከዚህ የራቀ አይመስለንም። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር አንድ የአጥቢያው ልጅ ከሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱና ከልማት ክፍሉ በየተራ ስልክ ሲደወልለት፣ እርሱ የሚያውቀው አንድ ደብር ብቻ ነው። ለአብነት ተማሪዎች ልብስ ብሎ የላከው ለአጥር ከዋለ፣ አጥሩ የቱንም ያህል አስፈላጊ ቢሆን፣ ተማሪው ታርዟል፤ ሰጪውም አዝኗል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ መዝገብ፣ ዓላማው የሚጻፍበት ደረሰኝና በወር አንድ ጊዜ አብረው የሚቀመጡ የክፍል ተጠሪዎች ለመጀመር ይበቃሉ።

እኚያ ሦስት ደብዳቤ ይዘው የመጡት ሰው ዛሬም ወዳጃችን ናቸው። ዳግመኛ ለመስጠት ሁለት ዓመት ቆዩ፤ እኛም በዚያ ጊዜ ምንም ሳንጠይቃቸው የተማሪዎቹን ሁኔታ በየመንፈቁ እንጽፍላቸው ነበር። ሲመለሱ በመጀመሪያ የጠየቁን ስላላገኘናት ተማሪ ነው። ስሟ እስከ ዛሬ ከመዝገባችን አልተሰረዘም፤ ብትመለስ ድርሻዋ ይጠብቃታል።