ጩኸትና ጉልበት



የሚጮኽ ሞተርሳይክል ሁሉ ጉልበተኛ ይመስለናል። እኛም አንድ ጊዜ ማርሚታውን ነቅለን በጩኸቱ ደስ ብሎን ነበር፤ ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ደከመ። ምክንያቱን እናስረዳ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ለአራት ሲሊንደሮቹ አራት የጢስ ማውጫ ቧንቧዎች ነበሩት። በኋላ ለእሽቅድምድም የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች አራቱን ወደ አንድ አገናኟቸው፤ ይኸውም ክብደት ለመቀነስ ብቻ አልነበረም። ቫልቩ ሲከፈት የግፊት ማዕበል በቧንቧው ውስጥ ይሮጣል፤ መገናኛው ዘንድ ሲደርስም ዝቅተኛ ግፊት ሆኖ ይመለሳል። የመግቢያውና የመውጫው ቫልቮች ባንድነት በተከፈቱባት ቅጽበት ከደረሰ፣ የተረፈውን ጢስ ስቦ ለአዲሱ አየር ቦታ ያስለቅቃል። በደቂቃ 8000 ጊዜ ለሚዞር ሞተር አንድ ዙር 7.5 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የቧንቧው ርዝመት ወሳኝ ነው፤ አጭሩ ለከፍተኛ ዙር፣ ረዥሙ ለዝቅተኛው ይስማማል።

ደግሞም አየሩ በዝቶ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ቫልቭና ፒስተንም እስከ መቃጠል ይደርሳሉ።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ሜትርና እርሳስ እናንሣ። ጩኸቱን ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል፤ ጉልበቱን የሚያሳየው ግን ዳገቱ ነው።