ለትንሿ ሽጉጥ የትኛው ጥይት?

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ)

ባለፈው ወር «ጥይት ያው ጥይት አይደለም ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ተኳሽ አይደለሁም፤ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

እዚህ ቨርጂኒያ በግብር ወቅት ከቢሮ የምወጣው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ጭር ይላል። ፈቃድ አውጥቼ አንዲት አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር ገዛሁ። አፈሙዟ 2 ኢንች አይሞላም፣ ክብደቷም 12 አውንስ ገደማ ነው። ሻጩ «ለሴት ኃይለኛው ይሻላል» ብሎ .357 ማግነም ጥይት ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ተኮስኩ። መዳፌ ተላጠ፤ ሦስተኛውን ፈራሁ። ሽጉጧም ሁለት ወር ሙሉ ተቆልፎባት ተቀመጠች። ያን ሰሞን ወደ መኪናዬ የምሄደው እንደ ድሮው ቁልፌን ጨብጬ ነበር።

ኋላ አንዲት አሠልጣኝ አስረዳችኝ። መሣሪያው በቀለለ መጠን ርግጫው እጅ ላይ ይወርዳል። አፈሙዙ ሲያጥር ደግሞ ባሩዱ ነድዶ ሳያልቅ እርሳሱ ይወጣል፤ ገንዘብ የከፈልንበት ኃይል ብልጭታና ጩኸት ሆኖ ይቀራል። በ.357 ሽጉጥ .38 ስፔሻል ይተኮሳል፤ የ.38 ሽጉጥ ግን .357 አይጎርስም።

አፉ የጎደጎደው ጥይት ገላ ውስጥ ሲገባ እንዲከፈትና በወዲያኛው ወገን ወጥቶ ሌላ ሰው እንዳይመታ የታሰበ ነው። ለመከፈት ግን ፍጥነት ይፈልጋል። ከአጭር አፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ካፖርት ሲበሳም ጉድጓዱ በጨርቅ ሊደፈንና ሳይከፈት ሊያልፍ ይችላል። ኤፍ ቢ አይ በጄላቲን ሲፈትሽ ከ12 እስከ 18 ኢንች እንዲገባ ይፈልጋል። ለአጭር አፈሙዝ ተብለው የተሠሩ አሉ፤ ለምሳሌ ስፒር ጎልድ ዶት 135 ግሬን ፕላስ ፒ። ፕላስ ፒ ማለት ግፊቱ ከተለመደው ከፍ ያለ ነው፤ ሽጉጣችሁ ይህን ይችል እንደሆነ መመሪያውን እዩ። (ኒው ጀርሲ ያላችሁ ደግሞ ሕጉን ጠይቁ፤ ይህን ዓይነት ጥይት ከቤት ውጭ ይዞ መገኘት ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ክልክል ነው።)

እኔ የመረጥኩት ዋድከተር የሚሉትን ባለ 148 ግሬኑን ነው። ለዒላማ የተሠራ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ጥይት ነው። አይከፈትም፤ ግን በቂ ጥልቀት ይገባል፣ እጅም አይጎዳም። ጉድለቱ፣ ጫፉ ሹል ስላልሆነ በጥድፊያ ለመጉረስ ያስቸግራል። እኔ ግን አምስቱንም ተኩሼ ሌላ አምስት የምጎርስበትን ምሽት አላስብም። ዒላማ የሳተች እያንዳንዷ ጥይት የሆነ ቦታ ታርፋለች፤ ተጠያቂዋም እኔ ነኝ። በማግነሙ ከሰባት ያርድ ወረቀቱን ስቼ ነበር፤ በዚህኛው አምስቱም ወረቀቱ ላይ አረፉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ይህን ፈትሹ፦ አምስት ጎርሳችሁ አራቱን ተኩሱና አምስተኛዋን አውጥታችሁ እዩ። በቀላል ሽጉጥ ርግጫው እርሳሱን ከቀለሁ ወደ ፊት ሊስበው ይችላል፤ ከወጣ ሲሊንደሩ አይዞርም። እኔ ይህን ያደረግሁት ሁለተኛውን ፓኬት ከመግዛቴ በፊት ነው። ልጆች ያሉባችሁ ግን ከጥይቱ አስቀድማችሁ የሚቆለፍ ሣጥን ግዙ።