በብርድ ስለሚጠበቅ የእናትነት ተስፋ
(በወረታ ከተማ የቀረበ ዲስኩር)



ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፣ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው ይህ የፎገራ ሜዳ ስሙን ለከብት ዘር የሰጠ፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ግጦሹን ለሩዝ እየለቀቀ የሄደ አገር መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሣሩ ሲጠብና ከብቱ ከሌላ ዘር ጋር ሲደባለቅ ንጹሑ የፎገራ ዘር እያነሰ ቢሄድ፣ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ ዘሩ እንዳይጠፋ ሲጠብቅ ኖሯል፤ የኮርማ ዘርም በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ፣ በብረት ዕቃ ተጭኖ ወደ ገበሬው በረት ሲመጣ በዓይናቸው ያዩ ከመካከላችሁ አይታጡም። ዛሬ የምናገርበት ነገር፣ ማለትም የሴት እንቁላልና ፅንስ በብርድ ተጠብቆ ለኋላ ዘመን መቆየቱ፣ በስሙ እንግዳ ቢመስል በሥራው ከዚሁ ጥበብ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ፖልጅና ባልደረቦቹ ግሊሰሮል የተባለው ፈሳሽ የእንስሳን ዘር ከቅዝቃዜ ጉዳት እንደሚጠብቅ ባያገኙ፣ በ1973 ደግሞ ኢያን ዊልሙት፣ ያ ኋላ ዶሊ በተባለችው በግ ስሙ የገነነው ሊቅ፣ ከቀዘቀዘ ፅንስ ጥጃ ባያስወልድ ኖሮ፣ በ1984 በአውስትራሊያ ከቀዘቀዘ ፅንስ የመጀመሪያዋ ሕፃን ባልተወለደች ነበር። ሰውን ከላም ጋር አስተካከለ ብሎ የሚቀየመኝ ቢኖር ቅያሜውን በታሪኩ ላይ ያድርገው።

ወንድ ዘሩን እስከ እርጅናው እያደሰ ሲያፈራ፣ ሴት ግን የዕድሜዋን እንቁላል ሁሉ ይዛ ትወለዳለች፤ በልደቷ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሰው ቍጥር ለአካለ መጠን ስትደርስ ወደ 300 ወይም 400 ሺህ ዝቅ ይላል፤ ከዚያም ሁሉ በዘመኗ በስሎ የሚወጣው ከ400 እስከ 500 ያህል ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሳይታይ ይከስማል። ከ35 ዓመት በኋላ ቍጥሩ ብቻ ሳይሆን ጽንዓቱም ፈጥኖ ይወርዳል። ማኅፀን ግን እንዲህ በቶሎ አያረጅም፤ የጠበብቱም ሐሳብ ሁሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ እንቁላሉ በወጣትነቱ ተወስዶ ከተጠበቀ፣ ዘመን የሚቆጠረው በሴቲቱ ላይ እንጂ በእንቁላሉ ላይ አይሆንምና።

ይሁን እንጂ እንቁላል በሰውነት ካሉት ሕዋሳት ሁሉ ትልቁና ውኃ የበዛበት በመሆኑ፣ ውርጭ በመታው የጉና ተራራ ባቄላ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ቅጠሉን እንደሚያጠፋው፣ ቀስ እያለ የቀዘቀዘ እንቁላልም በበረዶ ስለት ይፈርሳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1986 ክሪስቶፈር ቼን በአውስትራሊያ ከቀዘቀዘ እንቁላል መንታ ልጆች መወለዳቸውን ቢያበሥርም፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሞከረው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ አልሰጠም። መፍትሔው የተገኘው ከእንቁላሉ ውስጥ ውኃውን በመከላከያ ፈሳሽ በመተካትና በቅጽበት ከዜሮ በታች ወደ 196 ዲግሪ በማውረድ፣ በረዶ ሳይሠራ እንደ መስተዋት እንዲረጋ በማድረግ ነው፤ በዚህም ጃፓናዊው ማሳሺጌ ኩዋያማ ስመ ጥር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር «ሙከራ» የሚለውን ስያሜ ከዚህ ሕክምና ላይ አነሣ።

ሴቲቱ ለ10 ወይም ለ12 ቀናት ያህል መርፌ ስትወጋ ብዙ እንቁላሎች በአንድነት ይበስላሉ፤ እነርሱም በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ ይቀዳሉ። ያላገባችው እንቁላሏን ብቻ ታስቀምጣለች፤ ባለትዳሪቱ ከባሏ ዘር ጋር ተዋሕዶ ፅንስ ከሆነ በኋላ ልታኖረው ትችላለች። እዚህ ላይ ነገሩ ከሐኪም ወደ ዳኛና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይሻገራል፤ ፅንስ የሁለት ሰዎች ነውና ፍቺ ወይም ሞት በመጣ ጊዜ ባለቤቱ ማነው? ሳይወለድ የሚቀረውስ ምን ይደረጋል? በእኔ ግምት እንቁላልን ብቻ ማኖር ከሕሊና ሸክምም ከፍርድ ቤት ክርክርም ያሳርፋል። ሁለቱም ግን ቃል ኪዳን አይደሉም፤ ከእንቁላሎቹ አንዳንዱ ሲቀልጥ ይሞታል፣ አንዳንዱ ዘር አይቀበልም፣ አንዳንዱም ከተፀነሰ በኋላ ይወርዳልና፣ ለጤነኛዪቱ ወጣት «እንቁላልሽን አስቀምጪና ልጅሽ በእጅሽ ነው» የሚላት ነጋዴ እንጂ ሐኪም አይደለም።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሲከፈት፣ ከማኅፀን ውጭ ፅንስ የማስያዝ ጥበብ፣ ያ ባለጸጎች ባሕር ተሻግረው ይሹት የነበረው፣ ወደ ሕዝብ ሆስፒታል ደረሰ። ነገር ግን በእኛ አገር ልጅ ካጡት ሴቶች ብዙዎቹን የጎዳቸው በጊዜው ያልታከመ ልክፈት የማኅፀንን ቱቦ ዘግቶ ነውና፣ ለእነርሱ እንቁላልን በብርድ ማኖር መድኃኒት አይሆንም፤ በጤና ጣቢያ በወቅቱ የሚሰጥ ተራ መድኃኒት ግን አስቀድሞ ያድናቸው ነበር። ከልጅ አልባዎቹ ትዳሮች በግማሽ ያህሉ ደግሞ የወንዱም ወገን ድርሻ አለበት፤ እርሷ ጠበል ለጠበል ስትዞር፣ ለግንቦት ልደታም ስለት ስትሳል፣ እርሱ ሳይመረመር ሌላ ያገባል። የድንግል ማርያም ወላጆች ሐናና ኢያቄም ግን የመካንነትን ነቀፋ አብረው ተሸክመው አብረው ጸለዩ።

እንግዲህ እንቁላልንና ፅንስን በብርድ የመጠበቁ ጥበብ በዚህ ሜዳ ከሁሉ አስቀድሞ ለማን ነው ብትሉኝ፣ ካንሰር ለያዛት ወጣት ነው እላለሁ። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሌላው ካንሰር ሁሉ ይልቅ የሚታይና ብዙዎችን ገና በመውለጃ ዕድሜያቸው የሚይዝ ሲሆን፣ ሳይክሎፎስፋማይድን የመሰሉት መድኃኒቶች ደግሞ የካንሰሩን ዕጢ ሲገድሉ እንቁላሉንም ያጠፋሉ። እንቁላሉን ለመውሰድ 2 ሳምንት ያህል ይበቃል፤ ያ 2 ሳምንት ግን የሚገኘው ከመጀመሪያው የካንሰር መድኃኒት በፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ከወረታ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር የምትላክ ወጣት «ወደፊት መውለድ ትሻለሽን?» ተብላ ትጠየቅ፤ መልሷም ከመድኃኒቱ ትእዛዝ በላይ በካርዷ ላይ ይጻፍ። ገንዘቡን፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውንም የአዲስ አበባ መንገድ አስባ «ይቅርብኝ» ብትል መብቷ ነው። ለእርሷም ቢሆን ጎሰረሊን የሚባል፣ በሕክምናው ጊዜ በየ4 ሳምንቱ እየተወጋ የእንቁላሉን ዕጢ የሚያስተኛ መድኃኒት አለ፤ እንቁላልን በብርድ ማኖርን የሚተካ ባይሆንም፣ በተለይ የጡት ካንሰር በያዛቸው ዘንድ ጥቂት ጥቅም ታይቶበታልና፣ የሚያክማት ሐኪም ሳይደብቅ ይንገራት።