«ማዳም» ከመባል «እማማ» እስከ መባል
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መተዳደሪያ ደንባችን ከመነጋገራችን በፊት ጥቂት ቃል እንዳሰማ ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የምናገረው ስለ አንዲት ጎረቤታችን ነው። ቤተሰባቸውን ስላላስፈቀድሁ ስማቸውን አልጠራም። የሰፈሩ ነባሮች ግን «ማዳም» ስል ማንን እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ።

እኚህ ሴት አርመን ነበሩ። በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመኖች ላይ ያ ታላቅ እልቂት ሲጀመር፣ እናታቸው አገራቸውን ጥለው በእግር ተሰደዱ። እሳቸውም በ1908 ዓ.ም. በስደት ላይ፣ ሶርያ ውስጥ አሌፖ በሚባለው ከተማ ተወለዱ። አባታቸውን አያውቁም። አጎታቸው ቀደም ብለው አዲስ አበባ ገብተው በወርቅ ሠሪነት ይኖሩ ስለ ነበር፣ እናትና ልጅ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም በባቡር እዚህ ደረሱ። ያን ጊዜ ልጅቱ ሰባት ዓመቷ ነበር።

አርመን በአገራችን እንግዳ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣውን መንገድ መዳመጫ አባቶቻችን «የሰርኪስ ባቡር» ይሉት የነበረው፣ ያስመጣው ሰው ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመን ስለሆነ ነው። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ልጆች፣ ወላጅ የሌላቸውን፣ ወደዚህ አስመጥተው የሙዚቃ ባንድ አቋቋሙ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ሰው ናቸው። ማዳም እነዚያ ልጆች መለከት ሲነፉ በልጅነታቸው ቆመው ማየታቸውን ሲያወሩ፣ «እኔ እናት ስላለችኝ አፈርሁ» ይሉ ነበር።

ካደጉ በኋላ ወርቅ ሠሪ አግብተው አራት ልጆች ወለዱ። ራሳቸውም በሲንጀር መኪና የሙሽራ ልብስ ይሰፉ ነበር። ባለቤታቸው በ1950 ዓ.ም. እድራችን ሊመዘገቡ ሲመጡ፣ «ፈረንጅ ለቅሶ ምን ያውቃል?» ያሉ እንደ ነበሩ አባቴ ነግሮኛል። መልሱን የሰጡት ሚስትየዋ ናቸው። ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው ከሁሉ ቀድመው ይገኙ ጀመር።

እኛ ከጓሮ ካለው ቤታቸው ተከራይተን እንኖር ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ያ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራዩንም ለቀበሌ እንድንከፍል ተነገረን። እናቴ በኀፍረት ሁለት ቀን ከቤት አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን ማዳም ራሳቸው መጥተው በሩን አንኳኩ። «ምን ሆነሽ ነው የጠፋሽው? አንቺ አልወሰድሽብኝ! ነይ ውጪ፣ ቡናው ፈልቷል» አሏት። እኔ ከደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ካናዳና አሜሪካ ገቡ። ባለቤታቸው በ1971 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጆቹ «ነይ» ብለው ቢለምኗቸው፣ «አንዴ ተሰድጃለሁ፣ ይበቃኛል» አሉ። እናቴ በ1977 ዓ.ም. ስትሞት ሦስት ቀን ከፍራሽ ሳይነሡ ከኛ ጋር ተቀመጡ። በኛ ቤት «ማዳም» ከመባል «እማማ» ወደ መባል ያለፉት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት እመጣለሁ። በ1994 ዓ.ም. የእድሩ ጸሐፊ ነበርሁ። ደንባችን እስከ ዛሬ እንደሚለው፣ ስድስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል ይሰረዛል። መዝገቡን ሳገላብጥ የእማማ ስም ሥር ስድስት ባዶ ቦታ አገኘሁ። ደንብ ደንብ ነው ብዬ የስረዛውን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ፣ ማኅተም አድርጌ፣ ላደርስ ሄድሁ።

እማማ አልጋ ላይ ነበሩ። ጉልበታቸው ከያዛቸው ወራት አልፎታል። ገና ሲያዩኝ፣ «እሰይ መጣህ! ያን የብስኩት ቆርቆሮ አውርድልኝ» አሉኝ። ከፍቼ ባየው የስድስት ወር መዋጮ በስድስት ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በያንዳንዱ ላይ የወሩ ስም ተጽፎበታል። «ወር በወር አስቀምጫለሁ፤ የጠፋው ወሳጁ ነው» አሉኝ። ደብዳቤውን ከኪሴ አላወጣሁትም። ቤቴ ገብቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። ከቤታቸው እስከ ቤቴ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ግን ስድስት ወር ሙሉ መዝገቡን እንጂ እሳቸውን አላየሁም ነበር።

በ1998 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጆቻቸው ከውጭ አገር እስኪደርሱ ድንኳኑን የጣልነው፣ አስከሬኑን የጠበቅነው፣ እንግዳውን ያስተናገድነው እኛ ነን። ጸሎቱ በአርመን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተደረገ። ታላቁ ልጃቸው ከቀብር መልስ፣ «ለእድሩ ያለብንን ዕዳ ንገሩን» ሲል፣ የዚያን ጊዜው ዳኛችን ነፍሳቸውን ይማርና፣ «እናታችሁ ከፍለው ጨርሰዋል» አሉት። ልጁ ያን ጊዜ አለቀሰ።

ዛሬ በከተማችን የቀሩት አርመኖች በጣም ጥቂት ናቸው። ልጆቹ ውጭ አገር የገቡበት፣ ብቻውን የቀረ አባትና እናት ግን በኛም ቤት ሞልቷል። ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ ሰው ግን በስልክ አይላክም። ቀባሪ የሚሆነውም ያው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በደንባችን ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር፤ «ማንኛውም አባል መዋጮ አልከፈለም ተብሎ ከመሰረዙ በፊት ሁለት የኮሚቴ አባላት ቤቱ ሄደው በዓይናቸው ይዩት» የሚል። ወጪ የለውም፤ ሠላሳ እርምጃ መሄድ ብቻ ነው። እኔ ያን ደብዳቤ ያቃጠልሁት ደንብ ሳይፈቅድልኝ ነው። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ ግን ደንቡ ራሱ እንዲያዝዘው እለምናችኋለሁ።

እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ለኛም ደጃፋችንን የሚያንኳኳ ሰው አያሳጣን።