ባንዲራ በመትከል ገንዘብ ስለ ማግኘት
(ለተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው የአሜሪካን አገር ስካውቶች ገንዘብ ስለሚያገኙበት አንድ ዘዴ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት ለችግረኛ ተማሪዎች መርጃ ትኬት ይዘን በየክፍሉ የዞርን ሁሉ ልናስብበት ይገባናል።

በ1910 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ከ2025 ወዲህ ስካውቲንግ አሜሪካ የሚባለው ማኅበር፣ ልጆች ለድንኳንና ለጉዞ የሚሆናቸውን ገንዘብ ራሳቸው ሠርተው እንዲያገኙ ያበረታታል። ስለዚህ በብዙ ከተሞች ያሉ የስካውት ጓዶች በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል ዋጋ ለሰፈሩ ሰው ይነግሩታል። በተስማማው ሰው ደጅ፣ ከሣሩ ላይ፣ አጭር ቧንቧ ይቀብራሉ። በበዓል ማለዳ የባንዲራውን ዘንግ በቧንቧው ውስጥ ይተክላሉ፤ ማታ ነቅለው ይወስዳሉ። ከመቆፈሩ በፊት 811 ተደውሎ የመብራትና የጋዝ መሥመር የሚያልፍበት ቦታ በቀለም ይመለከታል። (ልጁ መዶሻ ይዞ በጋዝ ቧንቧ ላይ ቆሞ ማየት የሚሻ ወላጅ የለምና!)

የአገሪቱ ምክር ቤት በ1942 ያጸደቀው የሰንደቅ ዓላማ ደንብ፣ ልማዱ ባንዲራው ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ እንዲውል ነው ይላል። መሬት እንዳይነካ፣ ለንግድ ማስታወቂያም እንዳይውል ይከለክላል። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ፣ «ታዲያ ይህ ባንዲራን መነገጃ ማድረግ አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀ። እኛ እንደሚመስለን የሚሸጠው ባንዲራው ሳይሆን የልጁ እንቅልፍ ነው። ጁላይ 4 ቀን እኩዮቹ ተኝተው ሳሉ ይነሣል፤ ማታም እነርሱ ርችት ለማየት ሲሮጡ እርሱ ዘንግ ይነቅላል። ሥራ ነው፤ ዋጋም ይገባዋል።

ሌላ የሚያሳስበን ግን አለ። መንገዱ ግራና ቀኙን ባንዲራ ተሰልፎበት አንድ ደጅ ብቻ ባዶ ቢሆን አላፊ አግዳሚው ምን ይላል? ባለቤቱ እኮ ገንዘብ አጥሮት፣ ወይም እምነቱ ከልክሎት፣ ወይም የራሱ ባንዲራ በሣጥን ኖሮት ይሆናል። በ1943 የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪ ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጥ ሊገደድ አይችልም ብሎ ፈርዷል። የጎረቤትን ዓይን የሚከለክል ፍርድ ቤት ግን የለም።

ይህን እኛ የይሉኝታ ልጆች ከማንም ይበልጥ እናውቀዋለን። ትኬቱን ይዘን ስንዞር የሰጠውንም ያልሰጠውንም ስም በጓደኞቹ ፊት ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነብ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ጓደኛችን ስሙ ሲጠራ ለወሩ የያዘውን የሳሙናና የደብተር ገንዘብ አውጥቶ ሰጠን። እኛም አጨበጨብንለት። መርጃው የታሰበው እርሱን ለመሰለ ተማሪ እንደ ነበር የሰማነው ገንዘቡ ከተቈጠረ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለኅብረቱ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ዘንድሮ ትኬቱ ይቅርና እንደ ስካውቶቹ ሥራ እንሽጥ። የተገነጣጠሉ መጻሕፍትን መጠረዝ እንችላለን፤ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ ማስጠናት እንችላለን። የከፈለው ሰው ስም በገንዘብ ያዡ መዝገብ ብቻ ይቀመጥ፤ ያልከፈለው ከቶ አይጻፍ። መጠረዝ የሚያውቁ ሦስት ተማሪዎች ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቃል ሰጥተውናል። ወስፌና ክር ግን ገና አላገኘንም፤ ያለው ሰው ከስብሰባው በኋላ ያነጋግረን።