የአሮጌ ፒክአፕ የጭነት ልክ

በመካነ ሰላም ለሰበካ ጉባኤያት ከተሰጠ ገለጻ



ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም በሚያመጣው መንገድ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና እህል በአሮጌ ፒክአፕ ሲጓዝ ሁላችንም እናያለን። በጭነት ጊዜ ዘወትር የሚጠየቀው ግን «ካሶኒው ሞላ ወይስ ገና ነው?» የሚለው ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ ለምን እንደማይበቃ ዛሬ እናስረዳለን።

ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ፋብሪካው የወሰነለት ጠቅላላ ክብደት አለ። ከዚህ ላይ የባዶው መኪና ክብደት ሲቀነስ የሚተርፈው የጭነት ልኩ ነው፤ ሰውም ከዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። አንድ ቶን እንዲጭን በተፈቀደለት ፒክአፕ ላይ ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ፣ ከተጫነ ልኩ ሞልቷል። ጋቢና የሚገቡት ሰዎች ትርፍ ናቸው፤ ከሲሚንቶው ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ትርፍም ለአደጋ የተጋለጡም ናቸው። ባለ ሁለት ጋቢናው ሃይሉክስ የራሱ ክብደት ስለሚበልጥ ብዙውን ጊዜ ከባለ አንድ ጋቢናው ያነሰ እንደሚጭንም ልብ ይሏል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው አሸዋ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሶኒ 1.2 ሜትር ኩብ ይይዛል። የደረቅ አሸዋ አንድ ሜትር ኩብ 1,600 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ካሶኒው ሳይቆለል ልክ ከንፈሩ ድረስ ቢሞላ 1,900 ኪሎ ያልፋል። ዝናም የመታው አሸዋ ከዚህም ይከብዳል።

አህያ ከአቅሟ በላይ ስትጫን ትተኛለች፤ ገበሬውም አይቶ ያራግፍላታል። ፒክአፕ ግን አይተኛም። እያቃሰተም ቢሆን ዳገቱን ይወጣል፤ ሾፌሩም «ከወጣማ ችሏል» ይላል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ሁላችንም ዓይናችንን የምንጥለው በዳገቱ ላይ ነው። የሚያሰጋው ግን ቁልቁለቱ፣ ይልቁንም ወደ ጉንደ ወይን ሲኬድ ወደ ዐባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ነው። ፍሬን መኪናውን የሚይዘው የእንቅስቃሴውን ጉልበት ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱም እጥፍ ይሆናል። የቆየ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ቶሎ ይፈላል፤ በዚያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥም ባዶ ይሆናል። ከባድ ማርሽ መግባት ያለበት ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው።

ባሌስትራ መጨመር መፍትሔ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በእኛ አስተያየት ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል። የመኪናው ኋላ ስለማይጎብጥ ትርፉ ከዓይን ይሰወራል እንጂ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታው፣ አክሱና ሻንሲው የቀድሞዎቹ ናቸው። ፋብሪካው ልኩን የወሰነውም ለአዲስ መኪና እንጂ ሻንሲው ዝገት ለበላው አይደለም። ጎማም የራሱ ልክ አለው፤ በጎኑ 100 የሚል የጭነት ቁጥር ያለው 800 ኪሎ፣ 110 የሚል ያለው 1,060 ኪሎ ይሸከማል።

ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ወዳለው መቅደላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያስጎተቱት በ1860 ዓ.ም. ነበር። ክብደቱ ስለታወቀ መንገዱ አስቀድሞ ተጠረገ፤ ጉዞውም ወራት ፈጀ። የእኛ ሲሚንቶ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ምልልስ እንዲደርስ ይፈለጋል።

ሾፌሩ ብቻውን ይወቀስ ዘንድ አንፈቅድም። ሊቀ መንበሩ «ጨምርበት» ሲሉት እምቢ የሚል ተቀጣሪ ከየት ይመጣል? ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ሰው ከሰገነት ወድቆ ቢሞት ደሙን የሚጠይቀው ከቤቱ ባለቤት ነው፤ መከታውን መሥራት የነበረበት እርሱ ነውና። በሊብሬው ላይ የሰፈረው የጭነት ልክ በኩንታል ተሰልቶ በመኪናው በር ላይ ይጻፍ። ሾፌሩ ትርፍ ጭነት አልጭንም ቢል እንደማይቀጣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ለሁለተኛው ምልልስ የሚያስፈልገው ነዳጅም ከመጀመሪያው በበጀት ይግባ፤ የሁለት ምልልስ ጭነት በአንድ ምልልስ አስልቶ የሚመጣን ዕቅድ እኛም ሳንፈርም እንመልሳለን።